አደራና እስትንፋስ

ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኝ ወላጅ ከምክሩና ከስንቁ በኋላ የሚጨምራት አንዲት ቃል አለች፤ «አደራ»። ቃሏ ለልጁ ትነገራለች፣ እዚያ ከተማ ላለ ዘመድም ትነገራለች፤ ልብ ብለን ካየናት ግን ዋናው ተቀባይዋ ወላጁ ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቀው ግቢ ነው። አደራ ከውል ይለያል። የሚዋዋሉ ሰዎች የሚሰጡትንና የሚቀበሉትን ቆጥረው፣ የቀረውን ከወረቀቱ ውጪ ትተው ይፈርማሉ። አደራ የተቀበለ ሰው ግን ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ነው እሺ የሚለው፤ ነገሩ በእጁ ሳለ ጉዳት ቢደርስበት «ይህ አልተነገረኝም» ብሎ አያመልጥም። በኮቪድ ዘመን ኮሌጅ ተማሪዎቹን ሳያስጎዳ ማስተማር ይችላል ወይ ተብሎ በየአገሩ ሲጠየቅ የተሰማው ክርክር በአብዛኛው የውል ክርክር ነበር፤ ስለ ክፍያ፣ ስለ ክሬዲት ሰዓት፣ ስለ ምረቃ ቀን፣ ተቋሙ በምን እንደሚጠየቅና በምን እንደማይጠየቅ። እኔ የአደራ ጥያቄ ነው እላለሁ። እንደ አደራ ካላየነው «እንዝጋ» የሚለውም «እንክፈት» የሚለውም በየፊናው ይሳሳታል።

ከቅርቡ እንነሣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም መጀመሪያ በየግቢያቸው እንዲቆዩ ተነግሯቸው፣ ብዙም ሳይቆይ ወደየቤታቸው ተሸኙ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። 15 ቀን የተባለው ወራት ወሰደ፤ ተመራቂዎች በቅድሚያ ተጠርተው ግቢዎች ዳግመኛ የተከፈቱት በ2013 ነው። በዚያች ሰዓት ግቢዎቹን መዝጋት ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። ተደራራቢ አልጋ በሞላበት፣ አንድ መስኮት ባለው ክፍል የሚያድሩ ወጣቶች፣ ምግባቸውን በአንድ ካፌ ተሰልፈው የሚቀበሉ ሺዎች፣ ጠባዩ ገና ያልታወቀ በሽታ ፊት ቆመው ነበር። ባዶ የቀሩት መኝታ ቤቶችም ለለይቶ ማቆያ ውለው ብዙ ሰው ጠቅመዋል። ይሁንና መዝጋት አደጋውን አላጠፋውም፤ ቦታውን ቀየረው እንጂ። ተማሪው ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ከአውቶቡሱ ወርዶ አያቱ ካሉበት ቤት ገባ። ለሃያ ዓመት ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ቀለል የሚለው በሽታ ለሰባ ዓመት አዛውንት እንደዚያ አልነበረም።

ትምህርቱስ? ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥል ተሞከረ። ለሌላው ግን መብራት በሌለበት ቀበሌ፣ በአንዲት የእጅ ስልክ፣ ሞባይል ዳታ እየገዙ መማር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ወንዱ ወደ እርሻው፣ ሴቷ ወደ ውኃ መቅዳቱና ወደ ምጣዱ ተመለሱ፤ «እስከ መቼ ትቀመጫለሽ?» የሚለውም የትዳር ጥያቄ አብሮ መጣ። አደራን ለባለቤቱ መመለስ ነውር የለበትም። ነገር ግን የሰውን ዕቃ በዝናብ መካከል ደጃፉ ላይ አስቀምጦ የሄደ ሰው መለሰ አይባልም። መዝጋት ግዴታ ቢሆን እንኳ ተማሪው ምን ይዞ ይሄዳል፣ ከማን ጋር ይገናኛል፣ መቼ ይጠራል የሚለውን ያልመለሰ ግቢ አደራውን አላስረከበም፤ ለእናት አሸክሞ ገባ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ለመሆኑ ለመማር መሰብሰብ ግድ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያ ሰሞን ደጋግሞ የተነሣው ምሳሌ የኒውተን ነበር። በ1665 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ዉልስቶርፕ ሄደ፤ በዚያ ዕረፍት በሂሳብ፣ በብርሃንና በስበት ላይ ትልቅ ሥራ ሠራ። ምሳሌው እውነት ነው፣ አጠቃቀሙ ግን ያሳዝነኛል። ኒውተን ካምብሪጅ የገባው በ1661 ነበር። ሲወጣ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዟል፣ መጻሕፍቱን አንብቧል፣ ጥያቄዎቹን ቋጥሯል፤ የተመለሰበትም ቤት የቤተ ሰቡ ርስት ነው። ኮሌጅ የሚሰጠውን ከተቀበለ በኋላ ነው ብቻውን የተቀመጠው፤ በ1667 ደግሞ ተመለሰ። ገና መሠረት የሚጥለውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ «አንተም ቤትህ ተቀምጠህ እንደ ኒውተን ሁን» ማለት ዘር ሳይሰጡ ምርት እንደ መጠበቅ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን ከደጃችን ያለው የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከመምህሩ ፊት አይቀመጥም። ቅኔ የሚቆጥረው ለብቻው ነው፤ ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቋጥኝ ተጠግቶ ቃሉን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ቆጥሮ ሲጨርስ ግን ያንን ይዞ ከጎጆው አይቀርም፤ ወደ የኔታ ይመለሳል፣ ይነግራል፣ ይታረማል። የኔታ አንድ ቃል ሲነቅሉ ፊታቸው ላይ የሚነበበው፣ ጓደኞቹ ሲሰሙ የሚያሰሙት ድምፅ፣ የራሱ እፍረት፣ ይህ ሁሉ ትምህርቱ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ለወረርሽኝ ተብሎ አይደለም፤ ነገር ግን የዛሬ ኮሌጆች በችግር ጊዜ በግድ የደረሱበትን ነገር ከጥንት ያውቃል። ከትምህርት ውስጥ ብቻን የሚሠራ አለ፣ ፊት ለፊት ካልሆነ የማይሠራም አለ፤ ሁለተኛው አጭር ሊሆን ይችላል፣ ሊቀር ግን አይችልም። ስለዚህ አደራውን የሚጠብቅ ኮሌጅ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት በሩን ከመቆለፉ ወይም ከመክፈቱ በፊት ትምህርቱን መለየት ነው። ንግግሩ በድምፅ ተቀርጾ ይላክ፣ ጽሑፉ ታትሞ ይሰጥ። ቤተ ሙከራው፣ የታማሚ አልጋ አጠገብ የሚደረገው ልምምድ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ እርማት ግን ለጥቂት ሰዎች፣ በተራ፣ በአካል ይሁን። ተማሪዎችን በየዙሩ መጥራት ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ሲታሰብበት ነው፤ ቁጥር ለመቀነስ ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ክፍል ተቀምጦ ያው ሙሉ ስብከት ይሰማል።

ስለ በሽታው መከላከያ ዘዴ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ አንዱን ግን አልዘልም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥንቃቄያችን ሁሉ እጅ ላይ ነበር። በየበሩ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ፤ መልካም ልማድ ነው። እየቆየ የታወቀው ግን በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በአየር መሆኑ ነው፤ ሰው ሲያወራ፣ ሲዘምር፣ ሲያስል የሚወጣው ብናኝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። እንግዲህ በአንድ ክፍል መማር ማለት አንዱ ያስወጣውን እስትንፋስ ሌላው መሳብ ነው። ይህ ዱሮም እንዲሁ ነበር፤ ልብ ያልነው በሽታ ሲመጣ ነው። የተከፈተ መስኮት፣ አፍና አፍንጫን በትክክል የሸፈነ ጭምብል፣ አየሩ ሲፈቅድ ከዛፍ ሥር የሚሰጥ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት እያንዳንዱ ሰው ጓደኛው በአደራ እንደ ተሰጠው እንዲያስብ ነው።

«ሕይወትና ሞት በፈጣሪ እጅ ነው፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እምነት ማጣት ነው» የሚል ተቃውሞ አለ። የሚሉትን ሰዎች አልንቃቸውም፤ የሚፈሩት ሰው ፈጣሪውን ረስቶ በመድኃኒትና በሳሙና ብቻ እንዳይመካ ነው። መጻሕፍቱ ግን ከእነርሱ ጋር አይቆሙም። በኦሪት ዘሌዋውያን ሕመምተኛውን መርምሮ ሰባት ቀን ለይቶ የሚያቆየው፣ ካልለየለትም ሰባት ቀን የሚጨምረው ራሱ ካህኑ ነው፤ መለየት የሃይማኖት ሥራ ነበር። በወንጌል ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል የሚለው ፈታኙ ነው፤ ክርስቶስ ያንን ዝላይ አምላክን መፈታተን ብሎ አልተቀበለውም። በእስልምናም ኸሊፋ ዑመር ወደ ሶርያ ሲጓዙ የዓምዋስ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው መንገዳቸውን በመለሱ ጊዜ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ ነው የሚል ነበር፤ ግመሉን ከደረቁ ሸለቆ ይልቅ በለመለመው የሚያሰማራ እረኛም ምሳሌያቸው ሆነ። አቡ ዑበይዳ ከሕዝባቸው ጋር ቆይተው በዚያው ወረርሽኝ ማረፋቸው ሌላውን ወገን ያሳያል፤ አደራ የተሸከመ ሰው ዘወር ማለት የማይችልበትም ቦታ አለ። ሐኪሙና ነርሷ ይህን ያውቃሉ። በራስ ሕይወት ላይ መታመን የአማኙ ፈንታ ነው እንበል፤ በጓደኛ እስትንፋስ ላይ ግን ማንም በሌላው ስም መታመን አይችልም። ያ መታመን ሳይሆን የሰው ገንዘብ አስይዞ መወራረድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወጣቶች ይመጣል። «አደጋው ለእኛ ትንሽ ነው፤ ምርጫው የእኛ ይሁን» ይላሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ተማሪዎቹን አስገብቶ ትምህርት ጀመረ። በአንድ ሳምንት 130 ተማሪዎች በሽታው ተገኘባቸውና የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ዞረ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኧርባና ሻምፔይን ብዙ ተዘጋጅቶ ነበር። የራሱን የምራቅ ምርመራ አዘጋጅቶ እያንዳንዱን ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ መረመረ። የዝግጅቱ ሒሳብ ጥሩ ነበር፤ ያልገባበት ነገር ቢኖር በሽታው እንዳለባቸው ተነግሯቸውም ወደ ድግስ የሚሄዱ ተማሪዎች መኖራቸው ነው። ሄዱም፤ ቁጥሩ ሻቀበ፤ ግቢው እንቅስቃሴ ካጠበቀ በኋላ ወረደ። ከዚህ የምረዳው ወጣት ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ጥቂቶች ያጠፉትን የተሸከሙት ብዙዎች ናቸውና። የምረዳው «ምርጫው የእኔ ነው» የሚለው ቃል በአየር በሚተላለፍ በሽታ ፊት ትርጉም እንደሚያጣ ነው። የእኔ ምርጫ በእኔ አያበቃም።

ነገር ግን የዚህ መድኃኒት ቁጥጥር ብቻ ነው ብሎ መደምደምም አያዋጣም፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በፈተና አዳራሽ የተቀመጠ፣ ጉሮሮውን የሚከረክረው ተማሪ አስቡ። ሳሉን በጉንጩ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ፈታኙ ዞር እስኪል ይጠብቃል። ለምን? ቢናገር ፈተናው ያመልጠዋል፣ ካመለጠው ዓመቱ ይቃጠላል፣ ዓመቱ ከተቃጠለ እቤት እህል ሸጦ የላከው አባት አለ። እውነት መናገር ይህን ያህል ውድ ሲሆን መመሪያው ምንም ቢል ተማሪው ይደብቃል፤ ደብቆም ውሸታም አይደለም፣ ተጨንቋል እንጂ። አደራ የሚገባው ግቢ ከሙቀት መለኪያው በፊት የሚያዘጋጀው «ታምሜአለሁ» ያለ ተማሪ ምንም የማያጣበትን መንገድ ነው፤ ፈተናው በሌላ ቀን፣ ምግቡ እበሩ ድረስ፣ ማስታወሻው ከጓደኛ እጅ፣ ስሙም ሳይጎድፍ። ግቢውም በበኩሉ ስንት ሰው እንደ ታመመ ሳይሸሽግ ይናገር። ራሱ እየደበቀ ተማሪውን አትደብቅ የሚል አስተዳደር አይሰማም።

«ይህ ሁሉ የድሃ አገር ኮሌጅ ከሚችለው በላይ ነው» ይባላል። ለምርመራው ብዛት እውነት ነው። ሌላ ቀን መፈተን፣ ንግግሩን አሳጥሮ ማተም፣ መስኮት መክፈት፣ ቁጥር ሳይሸሽጉ መናገር ግን የሀብት ጉዳይ አይደሉም። የልማድና የሥልጣን ጉዳይ ናቸው፤ ከገንዘብ ይልቅ እነዚህን መልቀቅ ስለሚከብድ ይሆናል ድህነት ቶሎ የሚጠራው።

በክርክሩ ሁሉ ስማቸው ያልተነሣ ሰዎች ግን አሉ። በካፌው መስኮት ወዲያ ቆማ በእንፋሎት መካከል ለሺዎች ወጥ የምትጨልፈው ሴት የክሬዲት ሰዓት የላትም፣ በኢንተርኔት መሥራትም አትችልም። እያንዳንዱ ተማሪ ትሪውን ሲዘረጋ ፊቱ ከፊቷ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። ማታ በታክሲ ተጣብባ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ጥበቃው፣ የመኝታ ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ልጅ እንዲሁ ናቸው። ግቢው ሲዘጋ እንጀራቸው ይቋረጣል፤ ሲከፈት የሁሉም እስትንፋስ ወደ እነርሱ ይመጣል። በውል ቋንቋ እነዚህ ሰዎች ከተማሪው ጋር ምንም አይገናኙም። በአደራ ቋንቋ ግን ወላጅ ልጁን ለግቢው አደራ ባለ ቀን ልጁን የሚያበሉትና በሩን የሚጠብቁለት እነዚህ ናቸውና፣ አደራው ወደ እነርሱ ብቻ አይሄድም፤ ከእነርሱም ይመለሳል። የመከፈቻው ቀን በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ለዚያች ሴት ወንበር ይኑራት፤ ከመስኮቱ ወዲያ ስንት ሰዓት እንደምትቆም፣ ጭምብሏ በእንፋሎቱ ስንቴ እንደሚርስ፣ ታማ ብትቀር ደመወዟ ምን እንደሚሆን ማንም ከእሷ በተሻለ አያውቅም።