ማለዳ ላይ የምትጎነበስ መርሰዲስ

ከካርቱም መሀል ወደ ደቡብ ወርዶ ማዮ የገባ ሾፌር አስፋልቱን ተሰናብቶ አሸዋ ላይ ይወጣል። ማዮ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች የሰፈሩበት ሰፈር ነው። መንገዱ የራክሻ (የባጃጅ) እና የአህያ ጋሪ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል፤ በጋ ላይ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይነካል፤ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ አቧራው የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ያረጀ የቅንጦት መኪና ደብቆ ያቆየውን በሽታ እንዲህ ያለ ቦታ ቶሎ ያወጣዋል። በካርቱም ሰፈሮች በዴምና በጀሬፍ ኖሮ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ ዛሬ መኪና የሚያማርጥ ወገን ከመግዛቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ አለ። የመርሰዲስ ኤስ ክላስ ታሪክ ነው።

ባለሙያዎች ደብሊው 220 የሚሏት ኤስ ክላስ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣች። ባለ ስምንት ሲሊንደሯ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ስትሸጥ 70 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበረች። ከሃያ ዓመት በኋላ ያቺው መኪና እዚያው አሜሪካ ከዚያ ዋጋ አንድ አሥረኛውን እንኳ አታወጣም። ገዢውን የሚያታልለው ይህ ነው። መኪናዋ ረክሳለች፤ መለዋወጫዋ ግን አልረከሰም። የፊት እግሯ ሲበላሽ የሚገዛው ዕቃ የተሠራው ለ70 ሺህ ዶላር መኪና ነው፤ ዋጋውም የዚያው ነው።

እግሯን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ይቺ መኪና በአብዛኛው የብረት ሞላ የላትም። ኤርማቲክ በሚባለው አሠራር አራቱም ጎማ ላይ ክብደቷን የሚሸከመው አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። አየሩን አንድ ትንሽ ኮምፕረሰር ይነፋል፤ ቫልቭ ያከፋፍላል፤ ሴንሰር ከፍታዋን ይለካል። ስትነዳ ምቾቷ ልዩ ነው። ነገር ግን ጎማ ያረጃል፤ በሙቀት አገር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ከረጢቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፀጉር የሚያካክል ስንጥቅ ይወጣል። ማታ ቀጥ ብላ የቆመችው መኪና ማለዳ አንዱ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ ትገኛለች። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕረሰሩ ያቃስታል፤ ከደቂቃ በኋላ መኪናዋ ትነሳለች። ባለቤቱም «ተነሳች እኮ፣ ምንም አልሆነች» ብሎ ይሄዳል።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ነፍቶ እንዲያርፍ ነው። ስንጥቅ ካለ ግን ዕረፍት የለውም፤ ይግላል፣ ቀለበቱ ይበላል፣ ጉልበቱ ይደክማል። የሚያበራው ሪሌ በተደጋጋሚ ሥራ ብዛት ይጣበቅና መኪናዋ ቆማ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ እንኳ ኮምፕረሰሩ ባትሪው እስኪያልቅ ወይም ራሱ እስኪቃጠል ይሠራል። በሳሙና ውኃ ረጭቶ አረፋ የሚወጣበትን ማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የተለመደው ግን መኪናዋ ፈጽማ እስክትቀመጥ መጠበቅ ነው። ያኔ ከረጢቱም፣ ኮምፕረሰሩም፣ ሪሌውም አብረው ይገዛሉ። አንድ የፊት እግር ከሌላ አምራች ሲገዛ በግርድፉ 600 ዶላር፣ ኦሪጅናሉ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ኮምፕረሰሩ በመቶዎች ይቆጠራል። ሪሌው ግን የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው።

ካርቱም ላይ የዶላሩ ነገር ራሱን የቻለ መከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በመንግሥት ምንዛሪ አንድ ዶላር 18 የሱዳን ፓውንድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 47.5 ገባ፤ በየካቲት 2021 ደግሞ 375። ነጋዴው ሁልጊዜም በጥቁር ገበያ ስለሚመነዝር ሂሳቡ በዚህ ልክ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሆኖም በወረቀት ላይ ያቺ 600 ዶላር የፊት እግር ከ10,800 ፓውንድ ተነስታ 225,000 ደረሰች። ደመወዙ በፓውንድ የሆነ ሰው መኪናውን በፓውንድ ገዝቶ በዶላር ያሳክማል። ኢትዮጵያ ውስጥም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ የአዲስ አበባው መለዋወጫ ገበያ የሶማሌ ተራ ደንበኞችም ይህንኑ ቀምሰዋል።

የመርሰዲስ ችግር በኤስ ክላስ የአየር እግር አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ከተሠሩት መርሰዲሶች ብዙዎቹ፣ ደብሊው 124 እና ከደብሊው 220 በፊት የነበረችው ኤስ ክላስ ደብሊው 140 የሚባሉት፣ የሞተራቸው ሽቦ ሽፋን ለአካባቢ ይስማማል ተብሎ ከተመረጠ ነገር ነበር። የሞተሩን ግለት አልቻለም። የውጭውን መከለያ ገፈፍ አድርጎ ሽቦውን ጎንበስ ሲያደርጉት ሽፋኑ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ባዶ የቀሩት ሽቦዎች ሲነካኩ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ጋራዡ መጀመሪያ ካንዴላ ይቀይራል፤ ቀጥሎ ኮይል፤ ቀጥሎ «ኮምፒውተሩ ነው» ይባላል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው፤ በደንብ ከተያዘ መቶ ሺዎች ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እዚህ ላይ መካኒኩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ምርመራ የሚፈልግ መኪና ይዞ መጥቶ ለምርመራ አልከፍልም የሚለው ባለቤት ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮውም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ዘይቱ «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» ተብሎ ተሸጠ፤ ኋላ ላይ ፋብሪካው ራሱ እንዲቀየር መከረ። ካምቢዮው ላይ ያለው የሽቦ ማያያዣ ጎማው ሲደክም ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ወደ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ይወጣል። ማያያዣው ከ20 ዶላር አይበልጥም፤ ኮምፒውተሩ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። በኢ ክላሷ ደብሊው 211 ላይ የገባው የኤሌክትሪክ ፍሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 680 ሺህ መኪና አስጠርቷል፤ በ2006 ከዚያች መኪና ላይ ተነሳ። የዚህ ፍሬን ፓምፕ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ካልተቀየርኩ ይላል። ገዢዎች ኪሎ ሜትሩን ይጠይቃሉ፤ ይህን ቆጣሪ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አሮጌ መርሰዲስ አይገዛ ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 የተሠራችው ደብሊው 123 ናፍጣ በብረት ሞላና በሜካኒካል ፓምፕ ስለምትሠራ ካርቱምም አዲስ አበባም ያለ መካኒክ ይፈታታል። ደብሊው 220ንም ቢሆን የአየር እግሯን አውጥቶ የብረት ሞላ ማስገጠም ይቻላል። ለማዮ ዓይነት መንገድ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ግን ለክብደቷ ተለክቶ የተሠራ ሞላ ሲሆን ብቻ። ከሌላ መኪና የተቆረጠ ሞላ ፍጥነት ላይ ሰው ይገድላል። ከዚህም ሌላ የግዢዋን ዋጋ የሚያህል የጥገና ገንዘብ ለብቻው ያላስቀመጠ ሰው ባይገዛት ይሻለዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሏል፤ ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። እንግዲህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መርሰዲሶች ከእጅ ወደ እጅ መሸጣቸው ይቀጥላል። ሊገዙ የሄዱ እንደሆነ ቀጠሮውን ለማለዳ ያድርጉት፤ መኪናዋ ሌሊቱን ሳትነሳ ያደረች ትሁን። ቁልፉ ሳይዞር ዙሪያዋን ዞረው አራቱንም ጎማ ከላይ ካለው ቆርቆሮ ጋር ያስተያዩ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ፣ መኪናዋን አሙቆ ከጠበቀዎት ምንም ሳይነጋገሩ ለሌላ ቀን ማለዳ ይቅጠሩት።