መጀመሪያ ጠቡን ለይ

ልጄ፣ «ክርስቲያኖች አንድ የሚሆኑበት ዘመን ይመጣል ወይ?» ትላለህ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ግን በአንድ ጥያቄ ብዙ ጠብ ጠቅልለሃል። በኛ አገር ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጦ አስቀድሞ የሚያጣራው ጠቡ የወሰን፣ የስድብ ወይስ የደም መሆኑን ነው። የወሰን ጠብ በገመድና በምስክር ያልቃል። የደም ጠብ በገመድ አያልቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ መባሉም ለዚሁ ነው። የክርስቲያኖችም መለያየት የመንበር ጠብ አለበት፣ የእምነት ልዩነት አለበት፣ ደምም አለበት። አንዱን በሌላው መድኃኒት ልታክም ከተነሳህ ታባብሰዋለህ።

ቀላሉን ላስቀድም። አቡነ መርቆሬዎስን የኛ ሰው የሚያውቃቸው የጎንደር ሊቀ ጳጳስ ሳሉ ጀምሮ ነው። በ1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ከመንበራቸው ወርደው ኋላም ተሰደዱ፤ በ1984 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ከዚያ አገር ቤት አንድ ሲኖዶስ፣ አሜሪካ ሌላ ሲኖዶስ ሆነና ተወጋገዙ። ውጭ አገር ያለው ምእመንም «የአገር ቤቱ»፣ «ስደተኛው»፣ «ገለልተኛው» እየተባለ ተከፋፈለ። እንግዳ ሰው ገብቶ ቢያስቀድስ፣ በጸሎቱ መካከል የማን ፓትርያርክ ስም ተጠራ ብሎ ጆሮውን ካልጣለ በቀር ልዩነቱን አያውቀውም ነበር። ይህ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆየ። በሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ውግዘቱ ተነሳ፤ አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ፤ የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ እሳቸው ጸሎቱንና ቡራኬውን ይዘው እስኪያርፉ፣ እስከ የካቲት 2014 ድረስ አብረው ኖሩ። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ፓትርያርክ። ቀኖና አዋቂ ቅር ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ትልቅ የሽምግልና ጥበብ ነው እላለሁ። የተሳካውም ቅዳሴው፣ ጾሙ፣ ማሕሌቱ አንድ ስለነበረ ነው። የመንበር ጠብ፣ ማንም ሳይዋረድ ሁለቱም የሚቀመጡበት ከተገኘ ያልቃል።

ከባዱ የእምነቱ ነው። ደረስጌ ማርያምን ካላየሃት ሂድ፤ ጃናሞራ ናት፣ ለአንተ ለደባርቅ ልጅ ሩቅ አይደለችም። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አሠርተዋት፣ ካሣ ግን ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑባት ናት። ሰው የሚያወራው ዘውዱን ነው። እኔ ግን ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ያለውን ልንገርህ። ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበርና ውቤ በ1833 ወደ ካይሮ መልእክተኛ ሰደዱ። ከመልእክተኞቹ ጋር እንዲሄድ የለመኑት ማንን መሰለህ? አድዋ የተቀመጠውን ካቶሊካዊ ሚስዮናዊ ጁስቲኖ ደ ጃኮቢስን፣ አገሬው አቡነ ያዕቆብ ያለውን። ተሹመው የመጡት አቡነ ሰላማ ደግሞ ካይሮ በሚገኘው የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። እንግዲህ አስበው፤ ኦርቶዶክሱ የስሜን ገዥ ካቶሊክ ልኮ፣ ፕሮቴስታንት ያስተማራቸውን ጳጳስ አስመጣ! ዛሬ ቢሆን አንዱ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሽልማት በሰጠው ነበር።

ግን አትሸወድ። ውቤን ያንቀሳቀሳቸው የክርስቲያኖች ፍቅር አልነበረም። ንጉሥ የሚቀባው ጳጳስ ነበር፤ ጳጳስ በእጁ ያለው ዘውድ ይከጅላል። መጨረሻውም እንደ መነሻው ሆነ። አቡነ ሰላማ ከካሣ ጋር ተስማሙ፤ በትምህርት የተለየው ሁሉ በአዋጅ ተከለከለ፤ ካቶሊኮች ተሳደዱ። በዚያው የካይሮ ጉዞ የነበሩት የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ኋላ ካቶሊክ ሆነው ነበርና በነሐሴ 1847 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። ውቤም በደከሙበት ጳጳስ እጅ፣ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ጠላታቸው ነገሠባቸው።

ከዚህ የተማርኩት፣ ገዥ የእምነት አስታራቂ መሆን እንደማይችል ነው። ዐፄ ሱስንዮስ አገሩን ሁሉ ካቶሊክ ላድርግ ብለው ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ሃይማኖት ይመለስ ብለው አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረውን የቅባትንና የጸጋን ክርክር በአዋጅ ዘጉ፤ የቅባት ነገር ግን ጎጃም ውስጥ እስከ ዛሬ ይነሳል። አዋጅ አፍ ያዘጋል እንጂ ልብ አያስማማም።

የእምነት ልዩነት የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ አዝጋሚ ነው። የኛና የግሪኮቹ ወገን በኬልቄዶን ጉባኤ የተለያየው በ451 እ.ኤ.አ. ነው። በጥር 1957 የምሥራቅ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፣ ግብፁ፣ ሶርያው፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት አዲስ አበባ ተሰበሰቡ፤ እርስ በርሳቸው እንኳ እንዲህ ሆነው ለመገናኘት ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ከግሪኮቹ ጋር ደግሞ በ1989 እና በ1990 እ.ኤ.አ. ሊቃውንቱ ተቀምጠው፣ ቃላችን ይለያይ እንጂ የያዝነው የአባቶችን አንድ እምነት ነው ብለው ተስማሙ። ቁርባኑ ግን አሁንም ለየብቻ ነው። አንተ በዚህ ተስፋ ትቆርጥ ይሆናል። እኔ ተስፋ አደርግበታለሁ፤ ማንም ሰይፍ ሳይመዝበት የተደረሰበት ነውና።

ከፕሮቴስታንቱ ጋርስ? አልዋሽህም፤ በሕይወት ዘመንህ በአንድ መቅደስ አብራችሁ ትቆርባላችሁ ብዬ አላስብም። ታቦቱ፣ ምልጃው፣ ምሥጢራቱ፣ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ትንሽ ነው የሚልህ ሁለቱንም የማያውቅ ነው። ጎረቤትህ የሚካኤልን የዝክር ዳቦ አልበላም ሲልህ ናቀኝ ብለህ አትቀየም፤ እምነቱ ከልክሎት ነው። በሌላ ቀን እንጀራህን ይበላል፣ ቡናህን ይጠጣል። አባቱ ሲሞትበት ግን ድንኳን ለመትከል ቀድመህ ተገኝ፤ የዕድሩን ድስትና ወንበር ተሸከም፤ የት እንቅበረው የሚል ጭንቀት ላይ ብቻውን አትተወው። ሬሳ ደጅ አስቀምጦ መቀበሪያ መከልከል ሃይማኖት መጠበቅ አይደለም፤ ግፍ ነው። እሱም በበኩሉ ታቦት ሲያልፍ በድምፅ ማጉያ መዝሙር እንዳይለቅ ንገረው፤ ጎረቤት ከሆናችሁ ይሰማሃል። ደርግ በ1971 የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም፣ የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገድሏል። ገዳዩ ልዩነታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

የሚያመኝ የቀረው፣ የደሙ ጠብ ነው፤ እሱም የኛው ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርደህ አዲ አርቃይን አልፈህ ተከዜን ስትሻገር የምታገኘው የትግራይ ሰው ያንተኑ ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ ያንተኑ ጾም የሚጾም ነው። በትግራዩ ጦርነት፣ በኅዳር 2013 አክሱም ላይ፣ በጽዮን ማርያም በዓል ሰሞን ሰላማዊ ሰው ተጨፈጨፈ። በነሐሴ 2013 ማብቂያ ደግሞ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ገበሬው በየደጁ ተገደለ። ወዲያም ወዲህም ሟቾች በአንድ ዓይነት ጸሎተ ፍትሐት ተቀበሩ። የትግራይ አባቶች ከሲኖዶሱ ተለዩ። በሐምሌ 2015 ሲኖዶሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ የትግራይ ልጅ የሆኑት ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ራሳቸው ልዑኩን መርተው መቀሌ ድረስ ሄዱ፤ አባቶቹ ግን አልተቀበሏቸውም፤ በዚያው ወር አክሱም ላይ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ዋሽንግተኑ የመንበር ጠብ ያየዋል፤ ስለ ቀኖና፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ሀገረ ስብከት ይከራከራል። የመንበር ጠብ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ደም አለ። ደም ደግሞ ወግ አለው። ደም ሲደርቅ አይተህ ከሆነ ታውቃለህ፤ ሽማግሌና ካህን መስቀል ይዘው የሟች ቤተሰብ ደጅ ይሄዳሉ፤ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። እንዲልም አይጠበቅም። ፈጥኖ እሺ ያለ ሟቹን እንዳቀለለ ይቆጠርበታል። ሽማግሌው ይመለሳል፣ ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ይሄዳል፣ ይሰደባል፣ አሁንም ይሄዳል። ገዳይ ጥፋቱን በአፉ ሳይናገር ካሳ አይቆረጥም፤ ካሳ ሳይቆረጥ መሐላ የለም። የዚህ ጠብ ክፋቱ ሁለቱም ወገን ገዳይም ሟችም መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱም መናገር አለባቸው፤ ሁለቱም መስማት አለባቸው።

አንተ ሲኖዶስ አይደለህም። ግን ስልክህ በእጅህ ነው። የጭናን ሟች አንስተህ የአክሱሙን ካላነሳህ፣ ወይም «የነሱ ጳጳስ» እያልክ የምታሰራጭ ከሆነ፣ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት አትጠይቀኝ።

መቀሌ ተሄዶ አለመቀበል በኛ ወግ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ብቻ መምጣት የለበትም። የደባርቅና የዳባት ካህናትና ሽማግሌዎች በዚሁ በሊማሊሞ መንገድ ወርደው ማዶ ካሉት ወንድሞቻቸው ጋር ይቀመጡ። አንተ ጉልበት አለህና ስንቃቸውን ይዘህ አብረሃቸው ውረድ።