ፓስወርዱን ልስጥ ወይስ ልከልክል?

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ሉቃስ 11፥5-8፤ ምሳሌ 6፥1-5፤ ማቴዎስ 25፥1-13፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥13-15

የዛሬው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ስልካችሁ ላይ ባንድል ገዝታችኋል። ጎረቤት ይመጣና «እባክህ፣ ሆትስፖትህን ክፈትልኝ» ይላል። ትከፍታላችሁ? እስከ መቼ? ለስንት ሰው? እዚህ ጎዶማ ይህ ነገር ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። በቅርቡ አጠገቤ ለሚኖሩ አንዲት እናት ፓስወርዴን ሰጠኋቸው። ልጃቸው መንገድ ላይ ነው፤ የድምፅ መልእክት የሚልክላቸው ሲመቸው ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ለሳምንት ብዬ የምገዛው ባንድል በሁለት ቀን ያልቅ ጀመር። አንድ ማታ ከእህቴ ጋር እያወራሁ መስመሩ ተቋረጠ። ተናደድኩ። ማንንም ሳልጠይቅ ፓስወርዱን ቀየርኩት። በነጋታው እማማ ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ኔትወርኩ ምን ሆነ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ዛሬ ኔትወርክ የለም» አልኳቸው። «እሺ፣ እግዜር ያምጣው» ብለው ተመለሱ።

ኔትወርክ ግን ነበረ። እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ እንዲህ ብለሽ ወይም ብለህ የማታውቁ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሉቃስ 11 ጌታ ስለ አንድ ሰው ይነግረናል። ሰውየው እኩለ ሌሊት ወደ ወዳጁ ቤት ይሄዳል፤ ሦስት እንጀራ አበድረኝ ይላል። ብዙ ጊዜ ስናነበው የምናየው ልመናውን ነው። ግን እንጀራው ለማን ነበር? ለለማኙ ራሱ አይደለም፤ ከመንገድ ለመጣ እንግዳ ነው። የኛም ነገር እንዲሁ ነው። ፓስወርድ የሚጠይቃችሁ ሰው ለራሱ ብቻ አይጠይቅም። ከጀርባው መንገድ ላይ ያለ ልጅ፣ አገር ቤት የቀረች ሚስት፣ የታመመ አባት አለ። መስመር መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እኛ እናውቃለን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በጥቅምት 2013 መጨረሻ በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ፤ ስንቱ ቤተሰብ የወገኑን መኖርና መሞት ሳያውቅ ወራት ቆጠረ። እንዲህ ያለውን ጨለማ ያየ ሰው በገዛ እጁ በጎረቤቱ ላይ ሊያመጣው ይገባዋል ወይ?

ቢሆንም ሌላው ወገንም እውነት አለው። በሩን የዘጋው ሰው ልጆቹ አጠገቡ ተኝተዋል፤ የቤቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ባንድል በገንዘብ ይገዛል፤ እዚህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አጠቃቀሙም እኩል አይደለም። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ማየት ግን ግማሽ ጊጋባይት ያህል ሊበላ ይችላል። እንግዲህ አስሉት፤ የአንድ ልጅ የአንድ ሰዓት ፊልም እማማ ከ500 ደቂቃ በላይ የልጃቸውን ድምፅ የሚሰሙበት ነበር።

ሌላም ሸክም አለ። ኬንያ ውስጥ ሲም ካርድ ያለ መታወቂያ አይመዘገብም። መታወቂያው ገና ያልወጣለት ሰው በራሱ ስም መስመር ማውጣት ስለማይችል ወደ እናንተ ይመጣል። እናንተ ሆትስፖት ስትከፍቱለት ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በእናንተ መስመር ነው። አንዱ በዚያ መስመር ሰው ቢያጭበረብር ወይም ቢያስፈራራ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መስመሩ የተመዘገበበት ሰው ሊሆን ይችላል። አገሩ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ አለው። ስለዚህ ፓስወርድ መስጠት ዋስ እንደ መሆን ነው።

ስለ ዋስ ምሳሌ 6 ይናገራል። ለጎረቤትህ ዋስ ሆነህ ከተያዝህ ዝም ብለህ አትተኛ ይላል። ግን መፍትሔው ምንድን ነው? ሽሽና ተደበቅ አይልም። ራስህን ዝቅ አድርገህ ወደ ጎረቤትህ ሂድ፣ ለምነው ነው የሚለው። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔ ወደ እማማ አልሄድኩም፤ ፓስወርድ ቀይሬ ተኛሁ።

«ታዲያ ልባሞቹ ቆነጃጅት ዘይታቸውን መች አካፈሉ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ በማቴዎስ 25 አላካፈሉም። ምሳሌው ስለ መዘጋጀት ቢሆንም መልሳቸውን ልብ በሉ። ለእኛም ለእናንተም አይበቃም ብለው በግልጽ ተናገሩ፤ ዘይት የሚገኝበትንም አሳዩ። ዘይት የለንም ብለው አልዋሹም። መከልከል ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። የማይችል ሰው «አልችልም» ቢል ጎረቤቱ ሌላ በር ያንኳኳል። «ኔትወርክ የለም» የተባለ ግን የሌለ ነገር እየጠበቀ ይቀመጣል። የኔ በደል መከልከሌ ብቻ አልነበረም፤ አንዲት እናትን በባዶ ማስጠበቄ ነው።

እንግዲህ እንዴት እናድርግ? ከድንበሩ ማዶ በቦረና ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ብዙዎቻችሁ አይታችኋቸዋል። ሰዎች ወደ ታች ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። ጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ አባ ኮንፊ ይባላል። ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባልም አለ። የተጠማ አይባረርም፤ ያለ ተራው ግን ማንም ከብቱን አይነዳም። ተራ ባይኖር ጠንካራው ጠጥቶ ደካማው ይቀር ነበር። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የፈለገው ሌላው እንዲያርፍ እነርሱ እንዲጨነቁ አልነበረም፤ እኩልነት እንዲሆን እንጂ። መስጠትም ልክ አለው፤ ልኩን የሚወስነው ግን ቁጣ ሳይሆን ንግግር ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ እማማ ሄድኩ። «እማማ፣ ኔትወርክ ነበረ፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ከብዶህ ከነበር ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ቪዲዮ መክፈቱንም አላውቅበት» አሉ። ለካ ፓስወርዱን የሰፈሩ ልጆች ከስልካቸው ወስደው ተቀባብለውታል። በእሳቸው ላይ የፈረድኩት ባላጠፉት ጥፋት ነው። አሁን ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ሆትስፖቱን ራሴ እከፍታለሁ፣ ሲያበቃ እዘጋለሁ። ለድምፅና ለጽሑፍ ነው፤ ለቪዲዮ አይደለም። ባንድሉ ያለቀ ቀን «ዛሬ አልቋል» እላለሁ። ልጁ በእነዚያ ሁለት ቀናት መልእክት ልኮ እንደሆነ ግን እስካሁን ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።

እናንተም እንዲህ ብታደርጉ ይጠቅማል፦

- ፓስወርድ ከመስጠት ይልቅ ሰዓት ወስናችሁ ራሳችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ስንት ስልክ እንደገባም እዩ።
- ተቀባይ የሆናችሁ፣ ፓስወርድ የተሰጣችሁ ለእናንተ ነውና ለሌላ አታሳልፉ። ስልኩ በራሱ የሚያወርደውን ነገር አጥፉ።
- ኢንተርኔት ይካፈላል፤ የኤም ፔሳ ሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ግን ለማንም አይሰጥም።
- የማትችሉ ከሆነ እውነቱን በትሕትና ተናገሩ።

ለመወያየት፦ ጎረቤቴን ሳልነግረው የዘጋሁበት በር የቱ ነው? ዛሬ ሄጄ ልነግረው እችላለሁ?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ያለንን በልክ እንድናካፍል፣ የሌለንንም በእውነት እንድንናገር እርዳን። መንገድ ላይ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅ፤ ድምፃቸውንም አሰማን። አሜን።