የአባት ግዳይ፣ የልጅ ኅሊና

አንድ ባዕድ አባት ልጁን አስከትሎ ባሕር ተሻግሮ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውንና ሳይንስ በ1910 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለትን የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ተራሮች ሲያድን፣ ሕግ በዋናነት የሚጠይቀው ፈቃድንና ኮታን፣ ማለትም እንዲገደል የተፈቀደውን ቁጥር ነው። የሃይማኖት ጥያቄ ግን ይጠልቃል። በኦሪት ዘፍጥረት 27 ይስሐቅ ዔሳውን ወደ ዱር የላከው ለመብል ነበር፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 17 ደግሞ ሕይወት በደም ውስጥ ናትና፣ አዳኙ የአውሬውን ደም አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ያዝዛል። ቀንዱን ሳሎን ለመስቀል ብቻ የሚደረግ አደን በዚህ ሚዛን ይቀላል። በእርግጥ በኢትዮጵያም አንበሳና ዝሆን የጣለ ሰው «ገዳይ» ተብሎ ይሞገስ ስለነበር፣ ነቀፌታውን በባዕዱ ላይ ብቻ መደፍደፍ (ምቹ ቢሆንም) ፍትሐዊ አይሆንም። ከባዱ ነገር ልጁ ነው፤ በአባቱ ፈቃድ ቃታ ሲስብ የገዛ ፈቃዱን ገና አልመረመረምና፣ የአደኑ ገቢ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ቢውልም እንኳ የልጁ ነፍስ ተጠያቂነት በአባቱ ላይ ይቆያል።