የጆሮ ምስክርነት

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። አምስት ሆነን አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ስንጠጣ፣ ከመካከላችን አንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣና «እያንዳንዳችን እስከ ዛሬ ከሰማናቸው የሮክ አልበሞች ዐሥር እንምረጥ፤ በደረጃም እናስቀምጥ» አለ። ሁላችንም ጠጉራችን ሽበት የጣለበት፣ በወጣትነታችን የውጭ ሙዚቃ በካሴት እየተዋዋስን ያደግን ሰዎች ነን። ቢሆንም እንደ ፈተና ተቀማጭ አንገታችንን ደፍተን፣ አንዱ የሌላውን እንዳያይ ወረቀታችንን በእጃችን ከልለን ጻፍን።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ አንዱ ወዳጃችን አንደኛ ያደረገው «ዘ ቬልቬት አንደርግራውንድ ኤንድ ኒኮ» የተሰኘውን ሆኖ ተገኘ። ይህ አልበም እ.ኤ.አ. በ1967 ወጥቶ በጊዜው እምብዛም ገዢ ያላገኘ፣ በኋላ ግን ሐያስያን እጅግ ያከበሩት ሥራ ነው። ምርጫው የሚያስከብር ነበር። «ከውስጡ የትኛውን ዘፈን ነው የምትወደው?» ብሎ አንዱ ጠየቀው። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እየሳቀ እውነቱን አወጣ። አልበሙን የሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አልዘለቀውም። ልቡ ያለው የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ላይ ነው። «ታዲያ ለምን እሱን አልጻፍክም?» ስንለው፣ «ትስቁብኛላችኋ!» አለ።

እኛም ሳቅን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ያ ወዳጄ በገንዘብ የማይታማ፣ በሥራው የተከበረ ሰው ነው። ጉዳዩ ሹመት የሚያስገኝ ወይም የሚያሳጣ አልነበረም። ከሳሽ በሌለበት፣ በገዛ ወዳጆቹ መካከል፣ ከማንም ይልቅ እሱ በሚያውቀው ነገር፣ ማለትም በራሱ ፍቅር ላይ ዋሸ። ለመሆኑ ሰው የሚወደውን ነገር ስለምን ይክዳል? ደረጃ ማውጣት የሚባለውስ ተራ ጨዋታ ነው ወይስ ከጨዋታ ያለፈ ግዴታ አለበት?

«የምን ግዴታ? አንዱ ቃና ይወዳል፣ ሌላው ያልወደደ እንደሆነ ምን ይደረጋል!» የሚል አይጠፋም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ግን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የፍርድ ኃይል ትችት መጽሐፉ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያሳየናል። አንድ ሰው ስለ ወይን ጠጅ ሲናገር «ይጥማል» ቢልና ሌላው «ለእኔ ይጥመኛል በል» ብሎ ቢያርመው፣ ሰውየው ቅር ሳይለው እርማቱን ይቀበላል። ስለ አንድ የጥበብ ሥራ «ውብ ነው» ያለ ሰው ግን «ለእኔ ውብ ነው» ብሎ ማሳጠር አይችልም። ውብ ነው ሲል ሌሎችም እንዲስማሙበት እየጠየቀ ነውና። በእኛም ቋንቋ ልዩነቱ ግልጽ ነው። «ይህን አልበም እወደዋለሁ» ያለ ሰው ስለ ራሱ ተናገረ። «ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው» ያለ ግን ስለ እኔም ስለ አንተም ተናግሯል። ስለ ሌላው የተናገረ ሰው ደግሞ መልስ የመስጠት ዕዳ ይኖርበታል።

ዕዳው በምን ይከፈላል? ከካንት ቀደም ብሎ እስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም፣ እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት፣ ከዶን ኪሆቴ ታሪክ ያገኘውን አንድ ጨዋታ ያነሣል። ሁለት ወይን ቀማሽነታቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች ከአንድ በርሜል እንዲቀምሱ ተጠሩ። አንደኛው ቀመሰና «መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥቂት የቆዳ ጣዕም አለው» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «መልካም ነው፤ ነገር ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። በቦታው የነበሩት ሁሉ ሳቁባቸው። በርሜሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ።

እንደ እኔ እንደ እኔ ከዚህ ጨዋታ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በርሜሉ ውስጥ በእርግጥ አንድ ነገር ነበረ። ጣዕም የየሰው ቅዠት ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቀማሾቹ ተለያይተው ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንዱ ቆዳውን አገኘ፣ ሌላው ብረቱን። ሁለቱን ያዋረዳቸው የቃላቸው ስሕተት ሳይሆን ያልቀመሱት ሰዎች ሳቅ ነበር። ከሳቁ የተነሣ አንደኛው «እኔም ብረት ነው የቀመስኩት» ብሎ ቃሉን ቢለውጥ ኖሮ፣ የማንጠልጠያውን ነገር የሚነግረን ሰው ባላገኘን ነበር።

አሁን ወደ ታወቁት ዝርዝሮች እንሂድ። የአሜሪካው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የዘመናት ሁሉ ምርጥ 500 አልበሞች ብሎ አንድ ዝርዝር አወጣ። አንደኛ የሆነው የቢትልሶች «ሳርጀንት ፔፐር» (1967) ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር መካከል አራቱ የቢትልሶች፣ ሁለቱ የቦብ ዲላን ናቸው። ጥቁር አርቲስት አንድ ብቻ ነበር፤ በስድስተኛነት የተቀመጠው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» (1971)። ሴት ዘፋኝ ጭራሽ አልነበረችም። ያው መጽሔት በ2020 ሌሎች ድምፅ ሰጪዎችን ጨምሮ እንደገና ሲያስመርጥ ማርቪን ጌይ አንደኛ ወጣ። በ2003 ሠላሳኛ የነበረው የጆኒ ሚቼል «ብሉ» (1971) ሦስተኛ ሆነ። ስቲቪ ዋንደር፣ ፕሪንስና ሎሪን ሂል ከዐሥሩ ውስጥ ገቡ። «ሳርጀንት ፔፐር» ወደ 24ኛ ወረደ።

በእነዚህ ዐሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ በሸክላዎቹ ላይ የተቀረጸው ድምፅ አልተለወጠም። የማርቪን ጌይ ድምፅ አልጠራም፣ የቢትልሶች ጊታርም አልዛገም። የተለወጡት የተጠየቁት ሰዎች ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» ማለት ግን ችኮላ ይመስለኛል። ብረቱን የቀመሱት በ2003 ተጠይቀው ነበር፤ ቆዳውን የቀመሱት ደግሞ በ2020 ተጠሩ ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ያለው አንዱ ወገን ብቻ ተጠርቶ «የዘመናት ሁሉ» የሚል ማኅተም መመታቱ ላይ ነው።

ስለ ድምፅ ቆጠራውም አንድ ነገር ልበል። አምስት ሰዎች ለሚያስቀድሙት አልበም 50 ነጥብ፣ ለተከታዩ 49 ነጥብ ይሰጣሉ እንበል። አምስቱም በአንደኛነት የተለያየ አልበም መረጡ፤ በሁለተኛነት ግን ሁሉም አንድ አልበም ጻፉ። ሲደመር የልባቸው ምርጫ የሆኑት አምስቱ አልበሞች እያንዳንዳቸው 50 ነጥብ ያገኛሉ። ያ ሁለተኛው 245 ነጥብ ያገኝና አሸናፊ ይሆናል። እነሆ፣ ማንም አንደኛ ያላለው አልበም አንደኛ ተባለ! ድምር ስምምነትን ሊያሳይ ይችላል፤ ፍቅርን ግን አያሳይም። «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ የሚቆምለት ባለቤትም የለውም። ወዳጄ ግን የገዛ ጆሮውን ትቶ የተጠለለው በእንዲህ ያለው ባለቤት አልባ ቃል ሥር ነበር።

ደረጃ የሚያወጣ ሰው ራሱን እንደ ዳኛ ይቆጥራል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። ዳኛ ለሁሉም ይወስናል፤ ውሳኔውም ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ ግን በሙዚቃ ፊት ምስክሮች ነን። በአገራችን ምስክር ሲቆም ይምላል፤ ከዚያም በጆሮው መስማቱን፣ የት ቆሞ እንደሰማና ስንት ሰዓት እንደነበረ ይጠየቃል። «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ ነው» ያለ እንደሆነ ቃሉ ዋጋ ያጣል። ያላየውን አየሁ ያለ ደግሞ በሐሰት መስክሯል። ወዳጄ ያጠፋው ጥፋት ይኸው ነበር። መጥፎ አልበም አልመረጠም፤ እንዲያውም የመረጠው ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የሌሎችን ቃል የራሱ አስመስሎ አቀረበ። የራሱን ቃል ደግሞ ደበቀ።

የሐሰት ምስክርነት ሌላም መልክ አለው፤ ይህኛው ከዓይን አፋርነት ሳይሆን ከድፍረት የሚመጣ ነው። «የዘመናት ሁሉ» የሚለውን ቃል እንመልከተው። ረጅሙ ሸክላ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እንግዲህ «ዘመናት» የምንላቸው ተደምረው የአንድ አዛውንት ዕድሜ ቢያክሉ ነው። የሰማናቸውም አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተዘፈኑ ናቸው። ታይም መጽሔት በ1999 የክፍለ ዘመኑ ምርጥ አልበም ብሎ የሰየመው የቦብ ማርሌን «ኤክሶደስ» (1977) ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሮሊንግ ስቶን ዝርዝር ይኸው አልበም ከመቶ በታች ወርዶ ተገኘ። ሁለቱም የተናገሩት ስለ ዓለም ሁሉ እንደሆነ አድርገው ነው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ በአንድ የቤልጂግ ኩባንያ ታትሞ አውሮፓ የደረሰው ግን በ1986 ነው። በነዚያ መካከል በነበሩት ዓመታት ለንደን ወይም ኒውዮርክ ተቀምጦ ከዓለም ሙዚቃ ይህ ይበልጣል ያለ ሐያሲ ያልሰማውን ጭምር እየበየነ ነበር። ያልተሰማ ሁሉ ያነሰ አይደለም፤ ተራው አልደረሰውም ብቻ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ደረጃ ማውጣቱን ብንተወውስ?» ይባል ይሆናል። «ሁሉም በየመልኩ ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ጨዋነት ይመስላል። እኔ ግን አልስማማም። «ሁሉም ጥሩ ነው» ያለ ምስክር ምንም አልመሰከረም። ዐሥር ብቻ ምረጥ ሲባል ሰው የሚወደውን ዐሥራ አንደኛ መተው አለበት። የሚጨንቀውም እዚህ ላይ ነው፤ በእርግጥ የቱን ያለ ማስመሰል እንደሚወድ የሚያውቀው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቬልቬት አንደርግራውንድ ራሱ ከመረሳት የዳነው ጥቂት ሰዎች ገበያው ጀርባውን ሲሰጠው «ተሳስታችኋል፣ ይህ ይበልጣል» ብለው ስለ ጸኑ ነው። እንግሊዛዊው ኒክ ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሞት ሦስቱ አልበሞቹ የሸጡት ጥቂት ነበር። ዛሬ በየአገሩ የሚደመጠው በጆሯቸው የተማመኑ ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ ስላስተላለፉት ነው። ሁሉም ሰው እንደ ወዳጄ ሳቅ ፈርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወዳጄ አንደኛ ብሎ የሚያስመስልበት አልበም እንኳ ባልተገኘ ነበር።

ለነገሩ ወዳጄ ያፈረው አልበሙ ደካማ ነው ብሎ አልነበረም። «ብራዘርስ ኢን አርምስ» እ.ኤ.አ. በ1985 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ነው። ያፈረው በዚሁ ነው፤ ሁሉ የሚወደውን መውደድ ተራ የሚያደርግ መስሎታል። በሌላ ቀን ለብቻችን ስንሆን ካሴቱ የታላቅ ወንድሙ እንደነበረ ነገረኝ። ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ቤት ጥሎት የሄደው ነው። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ስለ ጦር ሜዳ ወንድማማቾች እንደሆነ በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው ስላልገባው አላወቀም። ማታ ማታ ይሰማው ነበር። ወንድሙ በ1983 ዓ.ም. በደኅና ሲመለስ መጀመሪያ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ያ ካሴት ነበር። ክሩ ግን ከመደጋገም ብዛት ተልጎ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይህ ስለ አልበሙ ምን ይነግረናል? የቤተሰብ ትዝታ ነው እንጂ» ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ትዝታው ወዳጄን በርሜሉ ድረስ ወሰደው፤ እዚያ የቀመሰው ግን ሌላ ነው። በዘፈኑ መግቢያ ላይ ከሩቅ የሚሰማውን ነጎድጓድ፣ ማርክ ኖፕፍለር ክሩን በመቺ ሳይሆን በጣቱ እየነካ የሚያወጣውን ስስ ድምፅ፣ በአንዱ ኖታና በሌላው መካከል የሚተወውን ዝምታ እየጠቆመ ነገረኝ። ይህን እኔም ሄጄ መስማት እችላለሁ፤ አንተም ትችላለህ፣ አንባቢ ሆይ። መልካም ምስክር ሁለቱን ይለያል። የት ቆሞ እንደሰማ አይደብቅም፤ የሰማውንም ሌላው ሊደርስበት በሚችል መንገድ ያሳያል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ ያቺ ወረቀት ወጣች። ወዳጄ እስክሪብቶ ተቀበለና የአንደኛውን ስም ሰርዞ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። አንዱ ግን «ከሦስተኛ በላይማ አይወጣም! የመጀመሪያው ገጽ ከሁለተኛው በጣም ይለያል» ብሎ ተነሣበት። ወዳጄም ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በስም እየጠራ መለሰለት። ሲከራከሩ አቦል አልፎ ቶናው ቀረበ፤ በረካው ሲቀዳም አልጨረሱም ነበር።