ሐቅን ለባለ ሐቁ ስለ መስጠት

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሰላምና እዝነት በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ፣ አላህ ይዘንልህና ዕወቅ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ በየቤቱ ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አባት ልጁ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ሱቅ እንዲቀመጥለት ይሻል። የቁርኣን አስተማሪው ከመግሪብ በኋላ ሉሁን ይዞ እንዲመጣ ይጠብቁታል። የትምህርት ቤቱ ፈተናም አለበት። ልጁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሌላ በልቡ የሚወደው ነገር አለው፤ አንዱ የዐረብኛን ፊደል አስውቦ መጻፍ ይወዳል፣ አንዱ መንዙማ መግጠም፣ አንዱም እንጨት መፈልፈል። እናቱም ልጄ ከአጠገቤ ጠፋ ትላለች። ቀኑ ግን አንድ ነው፤ ሁሉም ያንኑ አንድ ቀን ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ይህን ነገር በሚዛን ሊፈርደው ይሞክራል። ለዚህ ይህን ያህል፣ ለዚያም ያን ያህል ብሎ ቀኑን እንደ ስኳር ሊመዝነው ይሻል። ይህ አያዛልቅም፤ ጊዜ ዕዳ እንጂ ሸቀጥ አይደለምና። አንተ ነጋዴ ነህ፤ ይህን ከጸሓፊው ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሦስት ሰዎች ገንዘብ ቢጠይቁህ፣ ለአንደኛው ከሚገባው እጥፍ አድርገህ ብትከፍለው፣ የሁለተኛው ዕዳ ከመዝገብህ ላይ አይፋቅልህም። ለአንደኛው ያደረግኸው ደግነት ነው፤ ለሁለተኛው ግን ዛሬም ባለ ዕዳ ነህ።

ይህን ከቀደሙት ሰዎች ታሪክ ተመልከት። ነቢዩ (ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) በመዲና ሰልማን አል ፋሪሲንና አቡ ደርዳእን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ወንድማቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ የአቡ ደርዳእን ሚስት ያረጀ ልብስ ለብሰው፣ ራሳቸውን ጥለው አገኟቸው። ምን ሆነሻል ቢሏቸው፣ ወንድምህ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር የለም ብለው መለሱ። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በስግደት ያሳልፉ ነበርና። ሰልማን ምግብ በቀረበ ጊዜ አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም ብለው አስፈቱአቸው። ሌሊትም ሊሰግዱ ሲነሡ ተኛ አሏቸው፤ የሌሊቱ መጨረሻ በደረሰ ጊዜ ግን አሁን ተነሣ ብለው አብረው ሰገዱ። ከዚያ በኋላ ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተ ሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ ሲሉ መከሯቸው። ነገሩ ለነቢዩ በተነገረ ጊዜ ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ሰልማን ነገሩን ያወቁት ከወንድማቸው ጾም ብዛት አይደለም፤ ከሴቲቱ ልብስ ነው። የአንድ ሰው አምልኮ በልክ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በመስጊድ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ሰዎች ፊትም ይነበባል።

ነጋዴው ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ይዘን ወደ አንተ እንምጣ። ከእነዚህ ከተሞችና ከአካባቢያቸው መንደሮች ወጥቶ በአዲስ አበባ በመርካቶ የሚነግድ ሰው ብዙ ነው። እንሰቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን በአገር ትቶ ይሄዳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለአረፋ ይመጣል። ያን ጊዜ በሬ ይታረዳል፣ ክትፎ ይቀርባል፣ ለልጆች አዲስ ልብስ ይሰጣል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን የአረፋ ሰሞን የአሥራ አንድ ወር ዕዳ ይከፍላልን? የላክኸው ገንዘብ የልጁን ቀለብ ይችላል፤ የቀራውን የሚሰማለት ጆሮ ግን አይሆንለትም።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ምክንያት ነበራቸው፤ መንገዱ ሩቅ ነበር፣ ብዙዎችም በእግር ይሄዱት ነበር። በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተሰብስበው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው የሚገባ መንገድ አሠሩ። ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ስሙ የታወቀ ነው። ዛሬ በጅማ መንገድ ወልቂጤ፣ በሆሳዕናም መንገድ ቡታጅራ በጥቂት ሰዓት ይደረሳል። እነዚያ ሰዎች ብራቸውን ያፈሰሱት በርበሬና ጫት እንዲያልፍበት ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ስለ ወጣቱ እንነጋገር። ልጄ በፊደል ማስዋብና በግጥም ጊዜውን ያጠፋል የሚል አባት ይኖራል። በመዲና የዒድ ቀን ሐበሾች በጦርና በጋሻ በመስጊድ ውስጥ ሲጫወቱ ነቢዩ እንዳልከለከሏቸው፣ እናታችን ዓኢሻንም ከኋላቸው አቁመው ራሳቸው እስኪጠግቡ ድረስ እንዳሳዩአቸው በሐዲስ ታውቋል። በዚያች አንዲት ሰዓት ውስጥ በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ የሚስትም ሐቅ ተገናኝተዋል። በአገራችንም የወሎው ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር አስተማሪ ሆነው ሳሉ በአማርኛ መንዙማ ገጥመዋል፤ የሐረር ሰዎችም በንግድ ከተማቸው ኪታብ በእጅ እየጻፉና እየጠረዙ ኖረዋል። (በመንዙማ ነገር በዑለማዎች መካከል ያለውን ክርክር እዚህ አናነሣውም፤ ቦታው አይደለም።) ስለዚህ ይህ ጥበብ ምን ይጠቅማል ብለህ ልጅህን አትጠይቀው፤ የማንን ሐቅ በላ ብለህ ጠይቀው። እስከ ሌሊት ሲጽፍ ቆይቶ ሱብሒ ካመለጠው፣ ብዕሩ የጌታውን ሐቅ በልቷል። ሰግዶ፣ ተምሮ፣ አንተንም አግዞ በተረፈው ሰዓት ከጻፈ ግን የነፍሱን ሐቅ ሰጣት እንጂ ማንንም አልበደለ። በዚህ ላይ ደግሞ የቀረችውን ሰዓት በሱቅ ወንበር ላይ የምታስፈጅበት ከሆነ፣ ሐቅ የበላኸው አንተ ነህ።

ሱቁ ያለ ልጁ አይቆምም የምትል እንደ ሆነ፣ ይህም እውነተኛ ችግር ነው፤ ድኻ አባት በትምህርት ስም ሊነቀፍ አይገባውም። ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ ከተማ የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ያረፉት በሂጅራ በ150 ዓመት ነው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡ ዩሱፍ ድኻ ነበርና ቤተ ሰቡ ትምህርቱን ትቶ እንዲሠራ በፈለጉ ጊዜ፣ ኢማሙ ቤተ ሰብህን ተዋቸው አላሉትም፤ ከንግዳቸው ትርፍ ቀለቡን ይሰጡት ነበር ይባላል። ያ ልጅ በኋላ በሃሩን አር ረሺድ ዘመን የዳኞች አለቃ ሆነ። በከተማህ ውስጥ ደኅና ትርፍ የምታገኝ ነጋዴ ሆይ፣ የጎረቤትህ ልጅ ከደጅህ ፊት ለፊት ሸክም ሲሸከም ይውላል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ከሁሉ የተረሳው ነው። እስካሁን ስለ ወንድ ልጅ ተናገርን። እኅቱስ? ወንድሟ ከሱቅ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ኪታቡን ይገልጣል። እርሷ ግን ውኃ ትቀዳለች፣ ቆጮ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታስተኛለች። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሉህዋን ብታነሣ እንቅልፍ ይጥላታል፤ የቤቱ ሰዎችም ይህች ልጅ ትምህርት አይገባትም ይላሉ። አባት ሆይ፣ እናትም ሆይ፣ ሁለቱን ልጆች ተራ አግቧቸው፤ በአንዱ ማታ ውኃውን ወንዱ ይቅዳ። ይህ ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ነቢዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ ነበር ተብለው የተጠየቁት እናታችን ዓኢሻ የመለሱትን ንገሩት፤ ቤተ ሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ተነሥተው ይሄዱ ነበር።