የጥናት ጊዜ ከየት ይመጣል?

በስደት ኑሯችን ስለ ትምህርትና ስለ ስኬት በተነሣ ቁጥር ሁለት አባባሎች ይፋጠጣሉ። አንዱ ወገን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል፤ ሌላው ሁሉን ለአርባ ቀን ዕድል ይሰጣል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ በዕድል ብቻ ሕክምና ያወቀ ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ጥናት ጊዜ ይፈልጋል፤ የዚያን ጊዜ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትጉ የተባለው ሰው ራሱ አይደለም።

በአሜሪካ ያለውን የሐኪሞች መንገድ እንመልከት። በሌላ አገር የተመረቀ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ዘመን ቢያክም፣ የፈቃድ ፈተናዎቹን አልፎ ሬዚደንሲ የሚባለውን የሆስፒታል ሥልጠና እንደ ጀማሪ መድገም ግድ ይሆንበታል። (ቴነሲን የመሰሉ ግዛቶች ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን የሚያላላ ሕግ አውጥተዋል፤ ለብዙዎቻችን ዘግይቷል እንጂ ደግ ነገር ነው።) ብዙ ሆስፒታሎችም ከተመረቀ ዓመታት ያለፉትን አመልካች ገና ከመነሻው ወደ ጎን ይተዋሉ። የሚቆጠረው ከምረቃው ቀን ጀምሮ ነው፤ መጽሐፍ ለመግለጥ ፋታ ከተገኘበት ቀን አይደለም።

ትምህርቴን ሌኒንግራድ ጀምሬ፣ ከተማይቱ ሴንት ፒተርስበርግ ከተባለች በኋላ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ዋሽንግተን ስንደርስ ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት እየሠራች አሥራ አራት ወር አስጠናችኝ። አብሮኝ የተመረቀው ወዳጄ በትምህርት ከእኔ የላቀ ነበር። እርሱ ግን አገር ቤት የሚጦራቸው ወላጆችና አራት ታናናሾች ስለ ነበሩት ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ ይሠራ ነበር። ፈተናዎቹን ከሰባት ዓመት በኋላ ወስዶ ሁሉንም አለፈ፤ ለቃለ መጠይቅ የጠራው ሆስፒታል ግን አልነበረም። ዛሬ በአንድ ቤተ ሙከራ ደም ይቀዳል። «ሰነፈ እንጂ ቢጥር ኖሮ» ሲሉት ስሰማ ቁጣዬን መዋጥ ይቸግረኛል።

ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራውን እህትም እናስብ። ወንድሟ አሥራ ሁለተኛን እንዲጨርስ የራሷን ትምህርት ከስምንተኛ አቋርጣለች። የምረቃው ፎቶግራፍ ሲደርሳት ታለቅሳለች፣ ደስም ይላታል። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም የእርሱ መሆኑ ትክክል ነው፤ ፈተናውን የተቀመጠው እርሱ ነውና። «በራሴ ላብ ነው» ሲል ግን ከተናገረው ውስጥ ስንቱ የእርሱ ላብ ነው? ምስጋናስ እንዲህ ያለውን ዕዳ ይከፍላልን?

ወጣቶች በቀን ስንት ሰዓት እንዳጠናሁ ይጠይቁኛል። ዐሥር ሰዓት፣ እላቸዋለሁ። ቀጥዬም እናንተ ስታጠኑ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።